አገር ስጧቸው



ንግግሬን በልጅነት ጨዋታ ልጀምር። ማታ ነው። ራት ተበልቷል፤ እሳቱ ገና አልተዳፈነም። አንዱ ልጅ «እንቆቅልህ» ይላል፤ ሌላው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል። ጥያቄው ይቀርባል። መላሹ ይሞክራል፣ ይስታል፣ ደግሞ ይሞክራል። ሲያቅተው ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይለዋል። ያን ጊዜ መላሹ በስም የሚያውቀውን አገር ሁሉ በሐሳቡ ይዞራል። የተሰጠው ካልጣመው ጠያቂው «ሌላ ጨምር» ይላል። ሲጥመው ይቀበላል፤ እዚያ አገር ገብቶ እንዴት እንደሚኖር ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ መልሱን ይገልጣል።

እስቲ ይህን ነገር ልብ በሉት። አንድ ልጅ ከተቀመጠበት መደብ ሳይነሣ አንድ ሙሉ አገር ሰጠ፤ ሌላውም ተቀበለና ገባበት። ካርታ አልተዘረጋም፤ ስክሪን አልበራም። የነበረው ቃል ነው፤ ቃሉንም ሁለቱ ተማምነውበታል።

ዛሬ የምነግራችሁ ጨዋታ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ መሠረቱ ግን ይኸው እሳት ዳር ያየነው ነው። በእንግሊዝኛ ስሙ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ ታተመ። ደራሲዎቹ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው። የመጀመሪያው እትም 1000 ቅጂ ብቻ ነበር፤ ሦስት ቀጫጭን መጻሕፍት በአንድ ሣጥን።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። አንድ ሰው ዳኛ ይሆናል። የቀሩት እያንዳንዳቸው የአንድን ሰው ሕይወት ይይዛሉ፤ አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ ወታደር፣ አንዷ መድኃኒት አዋቂ ትሆናለች። ዳኛው ያሉበትን ቦታና የሚያዩትን ነገር ይነግራቸዋል። ከዚያ «ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። እነሱም የሚያደርጉትን ይናገራሉ። ውጤቱ ግልጽ ሲሆን ዳኛው ይፈርዳል፤ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ተጥሎ ዕጣው ይወስናል። ከዚያ እንደገና «ምን ታደርጋላችሁ?» ነው። «ዳኛ» ያልኩት ለማሳመር አይደለም፤ በ1974ቱ መጻሕፍትም የዚህ ሰው መጠሪያ ይኸው ነው።

የጨዋታው አወላለድ ራሱ ትምህርት አለው። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ ዴቪድ ዌስሊ የተባለ የሚኒሶታ ሰው ጓደኞቹን የጦርነት ጨዋታ ሊያጫውት ሰበሰበ። ቦታው ብራውንሽታይን የምትባል ምናባዊ የጀርመን ከተማ ነበረች። ከጦር አዛዦቹ ለተረፉት ሰዎች የከተማዋን ከንቲባ፣ የባንክ ባለቤቱን፣ የዩኒቨርሲቲ ኃላፊውን ሚና ሰጣቸው። ጦሩ ገና ሳይገጥም ሰዎቹ በየጥጉ መመካከር፣ መደራደር፣ መካካድ ጀመሩ። ዌስሊ ጨዋታው ተበላሸ ብሎ አዘነ። ተጫዋቾቹ ግን ድገምልን አሉት። ከእነዚያ ተጫዋቾች አንዱ አርነሰን ነበር። እንግዲህ ይህ ጨዋታ የተወለደው ሰዎች መተኮሱን ትተው መነጋገር የጀመሩ ዕለት ነው።

ዓመታት ሲያልፉ የደንቡ መጻሕፍት እየወፈሩ፣ ለእያንዳንዱ ድርጊት ቁጥር እየተበጀለት መጣ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ወደ ቀድሞው አጨዋወት እንመለስ የሚሉ ሰዎች ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ2008 ማት ፊንች የተባለው ጸሐፊ ባሳተመው አጭር መመሪያ የቀድሞውን መንገድ ጠባይ ዘረዘረ። ሁለቱን ልጥቀስ። አንደኛ፣ ለሁሉም ነገር ደንብ ከመፈለግ ይልቅ ዳኛው እንደ ሁኔታው በቅንነት ይፍረድ። ሁለተኛ፣ ችግርን የሚፈታው በወረቀት የሰፈረ ቁጥር ሳይሆን የተጫዋቹ የራሱ ብልሃት ይሁን።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነው? አይደለም። አባቶቻችን «በላ ልበልሃ» ብለው ሲሟገቱ የክርክሩ ጉልበት ያለው በተሟጋቹ አንደበትና በዳኛው ሚዛን ላይ ነበር። መንገደኛ ሳይቀር ቆም ብሎ ዳኛ እንዲሆን ይለመን ነበር። ሕጉን በቃሉ የማያውቅ ሰው እንኳ ነገሩን ካወቀና ቃል ካላነሰው ይረታ ነበር። የቀድሞው አጨዋወትም ከተጫዋች የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ተሞክሮ ልምጣ። መጀመሪያ አዲስ ተጫዋቾችን በስልክ ሰብስቤ ያጫወትኩ ዕለት ትልቅ ስሕተት ሠራሁ። አምስት ነበሩ፦ ሁለቱ እዚህ ሸዋ ሮቢት፣ አንዱ ደብረ ብርሃን፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ አረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ ዘመዳችን። እኔ ሁለት ሰዓት ሙሉ ደንብ አስተማርኩ። ስለ ዳይሱ ዓይነት፣ ስለ ቁጥሩ፣ ስለ ነጥቡ። በመጨረሻ ሁለቱ መስመሩን ዘግተው ወጡ። ከአረብ አገር የገባችው ዘመዳችን ከዕረፍቷ የቀነሰችውን ሰዓት እኔ በማብራሪያ ጨረስኩት። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

በሁለተኛው ሳምንት መጽሐፉን ዘጋሁት፤ አገር ሰጠኋቸው። የሰጠኋቸውም ይፋትን ነው። እንዲህ አልኳቸው፦ «ዘመኑ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነው። ጥጥ ጭናችሁ ወደ አልዩ አምባ ገበያ ትወርዳላችሁ፤ ስትመለሱ አሞሌ ጨው ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ስድስት አህያ አላችሁ። አሁን ሮቢ ወንዝ ዳር ደርሳችኋል። ጀንበር ልትጠልቅ ነው። በላያችሁ ያለው ሰማይ ጥርት ያለ ነው። ውኃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ማዶ የሰፈር እሳት ይታያል። ምን ታደርጋላችሁ?»

የአዲስ አበባው ልጅ «እንሻገራለን» አለ፤ ማንም ቢሆን የሚለው ይህንኑ ነው። እዚህ ከተማ የምትማር የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ግን «ቆይ፣ ቆይ» አለች። «በደብረ ሲና ተራራ በኩል ያለው ሰማይስ?»

«ጠቁሯል» አልኳት።

«ውኃው ላይ የሚንሳፈፍ ነገር አለ? ቀለሙስ?»

«ገለባና ደረቅ ቅጠል ይመጣል። ውኃው መደፍረስ ጀምሯል።»

«እንግዲያው አንድም እግር አይገባም። ጭነቱን እናውርድ፤ አህዮቹን ወደ ጉብታው እንውሰድ።»

ብዙም ሳይቆይ ጎርፉ ደረሰ፤ ግንድ እያንከባለለ፣ ድንጋይ እያንጓጓ። ከአረብ አገር ያለችው ዘመዳችን «በምን አወቅሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷም «ቆላ ዝናብ ሳይኖር ወንዝ ይሞላል። አያቴ ውኃው ሲደፈርስ ሩጡ ትላለች» አለች።

በዚያች ሰዓት ዳይስ አልተጣለም፤ ከቁጥርም የተቀነሰ ነገር የለም። አምስት ሰዎችና ስድስት አህዮች የዳኑት አንዲት ልጅ ከአያቷ በሰማችው እውቀት ነው። ያቺ ልጅ ስለ ደንቡ አንድም ነገር አታውቅም ነበር፤ አገሩን ግን ታውቃለች። ስለዚህ ዛሬ ይዤ የመጣሁት ቃል ይህ ነው፦ ለአዲስ ተጫዋች በመጀመሪያ ደንብ አትስጡት፤ አገር ስጡት።

የትኛውን አገር የሚል ካለ፣ ይፋት ለዳኛ የሞላ ጎተራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1285 የወላስማ ሥርወ መንግሥት ከእርሱ በፊት የነበረውን የሸዋ ሱልጣኔት አሸንፎ የይፋትን ሱልጣኔት አጸና። ከዘይላ ወደብ የሚነሣው የቅፍለት መንገድ ወደ ደጋው ሲወጣ በዚህ ምድር ያልፍ ነበር። በ14ኛው መቶ ዘመን የጻፈው አረባዊው አል ኡመሪ ከዘረዘራቸው ሰባት የእስልምና ግዛቶች አንዱ ይፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1332 ንጉሠ ነገሥት ዐምደ ጽዮንና የይፋቱ ሰብረዲን ተዋግተዋል። ፍራንሷ ግዛቪዬ ፎቬልና በርትራን ሂርሽ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባካሄዱት ጥናት እንደ ኖራና አስባሪ ያሉ የጥንት ከተሞች ፍርስራሽ፣ የወላስማ ሱልጣኖች መቃብርም ሳይቀር በዚሁ በእኛ ተረተር ላይ እንዳለ ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ሐሪስ ከታጁራ ተነሥቶ አንኮበር የገባው በአልዩ አምባ አድርጎ ነው። ወደ ዛሬው ብንመለስ ደግሞ የሰንበቴ የእሑድ ገበያ አለ፤ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው በአንድ ሜዳ የሚገናኙበት። አንድ ዳኛ ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል?

እዚህ ላይ ግን ስለ አንድ ነገር ጠንክሬ እናገራለሁ። በውጭ በተጻፉት የቀድሞ ጨዋታዎች ሀብት የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከመቃብር ነው። ተጫዋቹ ወደ ጥንት መቃብር ይወርዳል፣ ወጥመዱን ያልፋል፣ ወርቁን ይዞ ይወጣል። ይህን እንዳለ ገልብጠን ይፋት ላይ ብናስቀምጠው ጥፋት ነው። የእኛ የጥንት መቃብሮች የሰው አባትና እናት ያረፉባቸው፣ ዛሬም የሚከበሩና የሚጸለይባቸው ናቸው፤ ቅርሶችም ናቸው። አንድን ልጅ በጨዋታ መቃብር መቆፈርን ጀብዱ ብለን ካስተማርነው፣ ነገ በእውነተኛው አካፋ አስባሪ ላይ ብናገኘው ማንን እንወቅሳለን? እኔ ስለዚህ ዋጋውን ቀየርኩት። በእኔ ጨዋታ ነጥብ የሚገኘው ደብዳቤን በሰላም በማድረስ፣ ጠፍቶ የነበረን መጽሐፍ ለባለቤቱ በመመለስ፣ የተጣሉትን በማስታረቅ ነው። ተጫዋቾቹ የከሰሩት ነገር የለም፤ እንዲያውም ከወርቁ ይልቅ ለደብዳቤው ሲጨነቁ አይቻለሁ።

የዘመኑን ክፉ ገጽም አንሸፍን። በእነዚያ የቅፍለት መንገዶች ጨውና ጥጥ ብቻ አልተጓዘም፤ ሰውም እንደ ዕቃ ተሽጧል። ዳኛው ዘመኑን ሲያሳይ ይህንን ማስዋብ የለበትም።

ስለ ጦርነትም ልናገር። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲደርስባት ይህች ከተማ ምን እንዳየች እኔ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ እናንተ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ «ልጆቻችን በእውን ያዩትን መገዳደል በጨዋታ ይድገሙት ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴን ከቀድሞው ደንብ ላውጣ። በዚያ ደንብ መንገድ ላይ እንግዳ ሰው ሲገጥም ዳኛው ሁለት ዳይስ ይጥላል። እንግዳው በመጀመሪያ እይታ የሚያጠቃው ድምሩ 2 ሲመጣ ብቻ ነው። ይህም ከ36 አንድ ጊዜ ነው። ከ6 እስከ 8 ያለው ድምር ገና አልወሰነም ማለት ነው፤ ከሁሉ አዘውትሮ የሚመጣውም ይኸው ነው። ያልወሰነውን ሰው ወዳጅም ጠላትም የሚያደርገው የእኛ አቀራረብ ነው። ደግሞም በቀድሞው ደንብ ጠላት በመግደል የሚገኘው ነጥብ ጥቂት፣ ሀብት ይዞ በሰላም በመመለስ የሚገኘው ብዙ ነበር።

በእኛም ጨዋታ ከጎርፉ በማግሥቱ ግመል የሚነዳ አፋር ገጠማቸው። አንዱ «ጎራዴዬን መዘዝኩ» አለ። ዳይሱን ጣልኩ፤ 7 መጣ፤ ሰውየው አልወሰነም። ያን ጊዜ የደብረ ብርሃኑ ልጅ «ጎራዴህን መልስ፤ እኔ ሰላምታ ሰጥቼው እቀመጣለሁ። ዳጉ እንለዋወጣለን» አለ። ዳጉ አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ወሬ በቅደም ተከተል የሚለዋወጡበት ሥርዓት መሆኑን ታውቃላችሁ። ተቀመጡ፤ የጎርፉን ነገር ነገሩት፤ እርሱም ከታች ያለው መንገድ በሽፍታ መያዙን ነገራቸው። በሌላ መንገድ ዞሩ፤ ጭነታቸው ሳይነካ አልዩ አምባ ገቡ። የዚያን ምሽት ፍሬ በኋላ አየሁት፤ ጎራዴ የመዘዘው ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት እንግዳ ሲገጥመው መጀመሪያ የተቀመጠው እርሱ ነበር።

አስማትና ጥንቆላ ለሚያሳስባቸው ወላጆችም መልስ አለኝ። የውጭው መጽሐፍ አስማተኛ አለው፤ የእኛ ጨዋታ ግን ያለ እርሱ ይሄዳል። ጎርፉ፣ ጨለማው፣ የጠፋው አህያ፣ የገበያው ክርክር በቂ ናቸው።

አሁን በርቀት ለማጫወት ለምትነሡ ወጣቶች የሥራውን ነገር በአጭሩ ልንገራችሁ።

ብዙ ሰው አትሰብስቡ፤ ለአዲስ ተጫዋች ከሦስት እስከ አምስት ሰው ይበቃል። ሁለት ሰዓት አትለፉ። ቪዲዮ አያስፈልግም፤ የቴሌግራም ቡድንና የድምፅ መልእክት በቂ ነው፤ ካርዱም አያልቅም። ዳይስ የሌለው ሰው አይጨነቅ። በቴሌግራም የዳይሱን ምልክት ስትልኩ ቁጥሩ በዕጣ ይወጣል፤ ላኪው አይመርጠውም፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ ይታያል። ከዚያም ቢታጣ ከ1 እስከ 6 የተጻፈባቸውን ቁራጭ ወረቀቶች እንደ ዕቁብ ዕጣ አውጡ።

ተራ መጠበቅ በጽሑፍ ሲሆን ያሰለቻል፤ አንዱ እስኪመልስ አራቱ ይተኛሉ። ለዚህ መፍትሔ ያገኘሁት ከአገራችን ሰንጠረዥ ነው። በኢትዮጵያ ሰንጠረዥ የመጀመሪያው ምዕራፍ ወረራ ይባላል፤ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ይህን በዝርዝር ጽፎታል። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ጥያቄውን ማታ እልካለሁ፤ እስከ ማግሥቱ ማታ ሁሉም የሚያደርገውን ይልካል፤ የሁሉንም አንድ ላይ አንብቤ እፈርዳለሁ። የፈረቃ ሠራተኛውም፣ ተማሪውም፣ አረብ አገር ያለችውም እኩል ይጫወታሉ።

መስመር ሲቋረጥ ማንም አይቀጣ። የጠፋው ሰው «አህያ ሲጠብቅ ቀርቷል» ይባላል፤ ሲመለስ ካለበት ይቀጥላል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር አትርሱ። ስለዚህ ዳኛው ሁልጊዜ የወረቀት ደብተር ይያዝ፤ ማን የት እንዳለ፣ ምን እንደያዘ፣ ለማን ምን ቃል እንደገባ ይጻፍበት። ስልክ ጥሪ ካለ በጥሪ፣ እርሱም ከሌለ በሰው እጅ በሚላክ ብጣሽ ወረቀት መቀጠል ይቻላል። ዲፕሎማሲ የተባለውን የሰሌዳ ጨዋታ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ በፖስታ ተጫውተውታል። ጨዋታው የሚሞተው ደብተሩ ሲጠፋ እንጂ መስመሩ ሲቋረጥ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ዳኛው ፍትሐዊ ይሁን። አደጋን አስቀድሞ ያሳይ። እኔ ጎርፉን ያለ ምልክት ባወርደው ኖሮ ጨዋታው ግፍ ይሆን ነበር። ገለባው፣ የደፈረሰው ውኃ፣ የጠቆረው ተራራ ለጠየቀ ሰው ሁሉ ነበሩ። የጠየቀ ይድናል፤ ያልጠየቀም ቢወድቅ ለምን እንደወደቀ ያውቃል። አዲስ ተጫዋች ሲሳሳት አትሳቁበት፤ «ከዚያስ?» ብላችሁ መንገዱን ክፈቱለት። ዝም ያለውን በስሙ ጥሩት። ሁልጊዜ የሚናገረውንም በአክብሮት አስቁሙት።

ወገኖቼ፣ ከመሰናበቴ በፊት ያቺን አረብ አገር ያለች ዘመዳችንን እንደገና ላንሣት። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ሌሊት የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። በጨዋታችን ቅፍለቱ ያን ጊዜ ሰንበቴ ገበያ ላይ ነበር። በመልእክቷ ምን እንደምትገዛ አልነገረችኝም። «ዛሬ ምንም አላደርግም። ገበያውን ዞር ዞር ብዬ ልየው፤ ምን ምን እንዳለ ንገረኝ» አለችኝ። እኔም ነገርኳት፤ ማሾውን፣ ሽንኩርቱን፣ ማንጎውን፣ ግመሎቹን፣ የሰውን ጫጫታ። ከአገሯ ከወጣች ስድስት ዓመቷ ነበር።

እንግዲህ መምህራን፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍል ክፈቱላቸው። ወላጆች፣ ወንዙን፣ መንገዱን፣ የድሮውን ገበያ ንገሯቸው፤ የዳኛው ትልቁ መጽሐፍ የእናንተ ትዝታ ነውና። ወጣቶች፣ ዛሬ ማታ ሦስት ሰው ሰብስቡ፤ በስልክም ይሁን በእሳት ዳር። ስለ ደንቡ አትጨነቁ። አንድ ቦታ ምረጡ፣ የሚታየውን ንገሯቸው፣ «ምን ታደርጋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሳቸውንም በትዕግሥት ስሙ።

አገር ስጧቸው።